ቀብዱንም ብድሩንም ሽያጭ አሉብኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ብቻዬን በአንድ የስፌት መኪና ነው የጀመርኩት፣ አሁን ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ሒሳቤን የሚይዝልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እኔ ደረሰኝ በጫማ ካርቶን አጠራቅሜ በዓመቱ መጨረሻ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይሠራዋል፣ እኔ እፈርማለሁ። እውነቱን ልናገርና አንብቤ ፈርሜ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ኦዲት ተደረግኩ። ኦዲተሩ ጨዋ ሰው ነበር፣ አልተቆጣኝም፣ አልጮኸብኝም። የሁለት ዓመት የባንክ ስቴትመንት አምጪ አለኝ፣ ሰጠሁት። ከዚያ ለወራት ድምፁ ጠፋ። በቃ ረስተውኛል ብዬ ነበር። ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ግን ባለ አምስት ገጽ የግብር ውሳኔ ደረሰኝ። ባንክ የገባልኝን ገንዘብ አንድ ሳይቀር ደምረው፣ ካሳወቅሁት ሽያጭ ጋር አስተያይተው፣ ልዩነቱን "ያልተገለጸ ገቢ" ብለውታል። በፍሬ ግብሩ ላይ ቅጣት አለ፣ በዚያ ላይ ወለድ አለ። ድምሩ መኪናዎቹን ሁሉ ብሸጥ እንኳ የምወጣው አይደለም።

ከዚያ ውስጥ ብዙው ሽያጭ አይደለም። ወንድሜ መኪና እንድገዛ ያበደረኝ አለ፣ በመካከላችን ወረቀት የለም፣ ወንድሜ ነዋ። ከአንዱ ሒሳቤ ወደ ሌላው ያዛወርኩት አለ። ደንበኞች ቀብድ ከፍለው፣ ቤት መግባታቸው ሲቀር የመለስኩላቸውም አለ።

ግን ደግሞ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ያለ ደረሰኝ የሸጥኳቸውም አሉ። ብዙ አይደሉም። በእጄ ተቀብዬ በኋላ ባንክ ያስገባኋቸው ናቸው።

የአክስቴ ልጅ "ዝም በያቸው፣ ይረሱታል" ይለኛል። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ "ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፣ በትንሽ ነገር ፋይሉን ያዘጋልሻል" አለችኝ። ባለቤቴ ምንም አያውቅም። ደብዳቤውን ከጨርቅ መደርደሪያው ሥር ደብቄዋለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ እዚያው መኖሩን አያለሁ፣ የሚሄድ ይመስል። ልክፈል ወይስ ልከራከር? ከተከራከርኩስ ያለ ደረሰኝ የሸጥኩት አይወጣብኝም?

እንቅልፍ ያጣሁት ነኝ


እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ትተን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል? ድምሩን ማለቴ አይደለም፣ ድምሩንማ በቃልሽ ይዘሽዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ ወይ ዝቅ ብሎ፣ "ቅሬታ ካለዎት በዚህን ያህል ቀን ውስጥ" የሚል መስመር ይኖራል። ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ነው የሚጻፈው። እኔ ከድምሩ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው።

ከየት አገር እንደምትጽፊ አልነገርሽኝም፣ ቀኑ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የ2008ቱ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ የሰጠው 21 ቀን ነው። በእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው። አሜሪካ ውስጥ ለታክስ ፍርድ ቤት አቤት ለማለት 90 ቀን አለ፣ ማስታወቂያው የተላከው አገር ውጭ ላለ ሰው ከሆነ 150። አንቺ አሥራ ሦስቱን በልተሻል። ያንቺ 21 ከሆነ የቀረሽ ስምንት ቀን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመሽ ደብዳቤውን ከመደርደሪያው ሥር አውጪውና ቀኑን እዪ። እኔ እጠብቅሻለሁ።

አየሽው? እንቀጥል።

የአክስትሽ ልጅ ክፉ ነው አልልም፣ ፈርቶ ይሆናል፣ እሱም የሠራው ሒሳብ ነውና። ግን "ይረሱታል" ያለው ነገር እንዳትሰሚው። ኦዲቱ ለወራት ሲዘገይ ረስተውኛል ብለሽ አልነበር? የቅሬታው ቀን ካለፈ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፣ ፋይሉም ከኦዲተሩ እጅ ወጥቶ ዕዳ አስከፋዮች ጋ ይሄዳል። እነሱ ደግሞ "ይሄ የወንድምሽ ብድር ነው ወይስ ሽያጭ?" ብለው አይጠይቁሽም፣ ሥራቸው አይደለም። የባንክ ሒሳብ ማገድ፣ ንብረት መያዝ፣ እሱ ነው ሥራቸው። ትክክል የሆነ ሰው ቀን በማሳለፉ ብቻ ትክክል ያልሆነውን ዕዳ ሲከፍል አይቻለሁ። ወረቀቱን በሙሉ ይዞ፣ ማስረጃው ሳይጎድል።

በነገራችን ላይ መደበቁ አንቺ ብቻ የምታደርጊው አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፖስታ መጥቶልኝ ፍሪጅ ላይ ወርውሬው ሦስት ሳምንት ሳልከፍተው ቆይቻለሁ። ውሃ ለመጠጣት ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር ቀና ብዬ ላለማየት አንገቴን አቀረቅር ነበር። በመጨረሻ ስከፍተው የጎደለ ቅጽ እንዳሟላ የሚጠይቅ ነው። ያንቺ እንደዚያ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም የኔ ግምት ከሆነ እዚህ ጋ ብዙ የምታተርፊው ነገር አለ። ኦዲተሩ ያደረገው አዲስ ነገር አይደለም፣ በየአገሩ የሚሠራበት ዘዴ ነው። መዝገቡ አላሳምን ሲለው ወደ ባንክ ይሄዳል፣ የገባውን ይደምራል፣ ካሳወቅሽው ይቀንሳል፣ የተረፈውን ገቢ ነው ይላል። ዘዴው በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ችግሩ ባንክ የገባ ሁሉ ገቢ አለመሆኑ ነው። ብድር ገቢ አይደለም፣ ይመለሳል። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተዛወረ ያው አንዱ ገንዘብ ሁለቴ ሲቆጠር ነው። የተመለሰ ቀብድም ሽያጭ አልሆነም። ኦዲተሩ እነዚህን ለይቶ ማውጣት ነበረበት፣ ግን ማን ነግሮት? አንቺ ስቴትመንቱን ሰጥተሽ ዝም አልሽ፣ እሱም ደመረ። በብዙ አገር ደግሞ ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ ማስረዳት የግብር ከፋዩ ሸክም ነው። ያስከፋል፣ ግን እንዲያ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁለት ወረቀት ያስፈልግሻል። አንዱ የሁለቱ ዓመት ስቴትመንት ነው፣ ከባንክሽ እንደገና አስወጪው። ሁለተኛው ኦዲተሩ ያንን ድምር የሠራበት ዝርዝር ነው። ይህን በጽሑፍ ጠይቂ። አምስት ገጽ ውሳኔ ላይ ዝርዝሩ ሁልጊዜ አይያያዝም፣ ግን የትኛውን ቀን የገባ የትኛውን ገንዘብ ሽያጭ እንዳሉ ሳታውቂ ከምን ጋር ትከራከሪያለሽ? አንዳንዴ ዝርዝሩ ሲመጣ የዜሮ ስህተት ይገኝበታል። አንዳንዴ ያው ወር ሁለቴ ተደምሮ ይገኛል።

ከዚያ አራት ዓይነት ቀለም ያለው እስኪርቢቶ ያዢና ቁጭ በይ። መስመር በመስመር። ደረሰኝ የቆረጥሽበት ሽያጭ በአንዱ፣ ያዛወርሽው በአንዱ፣ ብድርና የተመለሰ ቀብድ በሌላው። አራተኛው ቀለም፣ ያቺ ለኔ ብቻ የነገርሽኝ ናት። ወደሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስተኛው ወር ላይ ስትደርሺ ግን የራስሽን ሥራ ታስታውሺያለሽ፣ ይቺ የዚያች ሰማያዊ መጋረጃ ናት፣ ይሄ ጨርቁን ካስመጣሁ በኋላ የቀረው ነው እያልሽ። የሚያደክም ሥራ ነው። ሁለት ሌሊት ይፈጃል። ግን ለሌሊቱ ምንም አታጪም፣ ያው እየተነሳሽ ነው።

የወንድምሽ ብድር ወረቀት የለውም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። አሁን ተቀምጣችሁ የድሮ ቀን ያለበት የብድር ውል እንዳትጽፉ ብቻ! ይህን የምልሽ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ነው፣ እውነት የነበረውን ነገር ሐሰት የሚያደርገው እሱ ነው። ይልቅ የነበረውን ፈልጊ። ከሱ ሒሳብ ወጥቶ ባንቺ ሒሳብ የገባበት ቀን አለ፣ መጠኑም ይገጥማል። መኪናውን የገዛሽበት ደረሰኝ ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ያለ ከሆነ ታሪኩን ይደግፋል። ስልክሽ ላይ "ብሩን ላክሁልሽ"፣ "ደረሰኝ፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ" ያላችሁት መልእክት ይኖራል። ከመለስሽለት ደግሞ የመለስሽበት አለ። ወንድምሽ ዛሬ፣ የዛሬ ቀን ጽፎ፣ በዚህ ጊዜ ይህን ያህል አበድሬያታለሁ ብሎ ቢፈርም ምንም ነውር የለውም። ብቻውን አይበቃም፣ ከባንኩ ወረቀት ጋር ሲሆን ግን ክብደት አለው።

ለቀብዱም እንደዚያው። የገባበትንና የወጣበትን መስመር ጎን ለጎን አድርጊ። በእጅ የመለስሽላቸው ካሉ ደንበኞቹን ደውለሽ ጠይቂ፣ አንድ ሁለት ሰው አጭር ነገር ጽፎ ቢሰጥሽ ትልቅ ነገር ነው።

ካርቶኑንም ክፈቺው። ከማሽን የሚወጣው ለስላሳ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፣ በተለይ ሙቀት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነጭ ወረቀት ሆኖ የሚገኝ አለ። የሚነበበውን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የጠፋው የትልቅ ግዢ ከሆነ ከጨርቅ አቅራቢው ቅጂ መጠየቅ ይቻላል። ወጪው ለምን ይጠቅመኛል እንዳትዪ። ሽያጭሽ ይህን ያህል ነበር ካሉ፣ ያን ሁሉ መጋረጃ የሰፋሽበት ጨርቅ በነጻ አልመጣም። ማስረጃ ያለው ወጪ በስሌቱ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አረጋግጪ፣ ካልገባ ጠይቂ።

እሺ፣ አራተኛው ቀለም።

ይህን የጻፍሽልኝን ክፍል ሁለት ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ድምሩ ነው ወይስ ይቺ ነች? እኔ የመሰለኝ፣ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ፣ ያለ ደረሰኝ የሸጥሽው ስላለ ብቻ በቀረውም ለመከራከር መብት የለኝም ብለሽ ከራስሽ ጋር የጨረስሽ ነው። "እኔም ጥፋት አለብኝ፣ ምን አፍ አለኝ" የሚሉት ዓይነት። አለሽ እንጂ። ያልሸጥሽውን ሸጠሻል ሲሉሽ አልሸጥኩም ማለት ትችያለሽ፣ የሸጥሽውንም ሸጫለሁ ማለት ትችያለሽ። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ይቀመጣሉ። እንዲያውም ቅሬታውን የሚያየው ሰው "ሁሉም ብድር ነው፣ ሁሉም ቀብድ ነው" ከሚል ጽሑፍ ይልቅ፣ ይህን እቀበላለሁ፣ ይህንን ግን በዚህ በዚህ ምክንያት አልቀበልም የሚለውን ነው የሚያምነው።

ግን ከመጻፍሽ በፊት በታክስ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ጋ ሂጂ። ለአንድ ሰዓትም ይሁን። የሒሳብ ባለሙያ ሳይሆን ጠበቃ ያልኩት አውቄ ነው። በብዙ አገር ለጠበቃሽ የነገርሽውን ሕግ ይጠብቀዋል፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የነገርሽው ግን ያን ያህል ጥበቃ የለውም። ስለዚህ እነዚያን ሽያጮች በተመለከተ ስልክ ላይም ሆነ ቢሮ ሄደሽ ለማንም ከማውራትሽ በፊት፣ ለአክስትሽ ልጅም ቢሆን፣ መጠኑን ይዘሽ ጠበቃው ፊት ቁጭ በይ። እንዴት እንደሚገለጽ፣ የት ላይ እንደሚገለጽ የሚያውቀው እሱ ነው። ትንሽ መጠን የዘለለና ሆን ብሎ ሁለት መዝገብ የያዘ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ቅጣቱም በብዙ ቦታ ሰውየው በተጠየቀ ጊዜ ባሳየው ነገር ይወሰናል። እንግሊዝን ብንወስድ፣ በቸልተኝነት ለተፈጠረ ስህተት ቅጣቱ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፣ ከተደረሰበት በኋላም ቢሆን በሙሉ የተባበረ ሰው እስከ 15 ሊወርድለት ይችላል። ሳይጠየቅ በፊት የተናገረ ደግሞ ጭራሽ ሊቀርለት ይችላል። ያንቺ አገር የራሱ ሕግ አለው፣ ጠበቃውን ጠይቂው። እስከዚያ ግን አትዋሺ። ዝም ማለትና መዋሸት ይለያያሉ፣ ሐሰተኛ ነገር ጽፈሽ ከፈረምሽ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ደንበኛሽ ስላመጣችው "ሰው" ብዙ አልልም። እሱ ሰው ነገም ስልክሽን ያውቀዋል። ፋይል ተዘጋ ማለት ደግሞ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ሌላ ኦዲተር ሲመጣ ይከፈታል፣ ያኔ የግብር ከፋይ ክርክር የነበረው የጉቦ ወንጀል ይሆናል። ደንበኛሽን አትጣያት፣ "አመሰግናለሁ፣ ጠበቃ ይዤያለሁ" በያት፣ ይበቃል።

ቅሬታው እንዴት ይጻፍ? አጭር ይሁን። ልጆች አሉኝ፣ ሠራተኞች አሉኝ፣ ሥራው ቀዝቅዟል የሚለውን ለሌላ ቦታ እናቆየው፣ እዚህ ወረቀት ላይ አይሠራም። የውሳኔውን ቁጥርና ቀን ጥቀሺ። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ፦ ይህን ያህል ገንዘብ፣ በዚህ ቀን የገባ፣ ሽያጭ ያልሆነው በዚህ ምክንያት፣ ማስረጃው አባሪ ይህ ቁጥር። ማስረጃው ሁሉ እስኪሟላ ብለሽ ቀኑን እንዳታሳልፊ። ያለሽን አያይዘሽ አስገቢ፣ የቀረውን እንደምትጨምሪ እዚያው ጻፊ። የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ የሚቻልበት አገር አለ፣ ግን የሚጠየቀው ቀኑ ሳያልፍ ነው። በአካል የምታስገቢ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና አንዱ ላይ ማኅተምና የገባበት ቀን ካልተመታበት ከመስኮቱ አትነሺ። ከኋላሽ የተሰለፈው ቢያጉረመርምም።

ስለ መክፈሉ፣ የምታምኚበትን ክፍል ለይተሽ ለመክፈል አስቢ። ወለድ በየቀኑ ይቆጥራል፣ በተከፈለው ላይ ግን አይቆጥርም። በአንድ ጊዜ መክፈል ካቃተሽ በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ጠይቂ፣ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ሄደሽ ስትጠይቂና እስኪይዙሽ ስትጠብቂ የሚሰጥሽ ፊትም ይለያል። "መኪናዎቹን ብሸጥ" የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ተይው። የምትከፍይበትን ሥራ ሸጠሽ በምን ትከፍያለሽ?

ቅሬታሽ ውድቅ ከሆነ ይግባኝ አለ። እዚያ ጋ አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ፣ አንዳንድ አገር ይግባኝ ለማለት ከተከራከርሽበት ግብር ላይ ማስያዝ ግዴታ ነው። ያ የኢትዮጵያው አዋጅ ለይግባኝ ኮሚሽኑ 50 በመቶ ነው የሚለው። አሜሪካ ውስጥ በተቃራኒው በታክስ ፍርድ ቤት ሳይከፍሉ መከራከር ይቻላል። ይህ ማለት ያንቺ አገር እንደ መጀመሪያው ከሆነ የመጀመሪያው ቅሬታ ላይ የምትሠሪው ሥራ ነው ርካሹ። ዋናውን ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውጪው።

ባለቤትሽ። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባድ ስለሆነ ነው። ምንድነው የምትፈሪው፣ ቁጣውን? ወይስ ያ ስትሠሪ ሲያይሽ የነበረው ዓይን እንዳይቀየር? እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እኔ አላውቀውም፣ በዚህ ጉዳይ ልገፋሽ አልፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ አስቢ። አንደኛ፣ የባንክ ሒሳብ ከታገደ በዚያ ቀን ከባንክ ነው የሚሰማው። ሁለተኛ፣ በድምሩ ከጀመርሽ ይደነግጣል፣ ማንም ይደነግጣል። በቀለማቱ ከጀመርሽ ይለያል። ስቴትመንቱን ቀብተሽ ከጨረስሽ በኋላ ዘርግተሽለት "እንዲህ ብለውኛል፣ ከዚህ ውስጥ ይሄ ይሄ ልክ አይደለም፣ ይቺ ልክ ናት፣ የማደርገው ይህን ነው" ብትዪው፣ ችግር ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ይዘሽለት ነው የሄድሽው። ምናልባትም ሁለተኛውን ሌሊት አብሮሽ ይቀመጥ ይሆናል።

ሠራተኞቹን ለጊዜው ምንም አትበያቸው። የሚነገር ነገር ገና የለም።

የአክስትሽን ልጅ ደግሞ አትጣዪው፣ አሁን እሱ ጋ ያለውን መዝገብ በሙሉ ትፈልጊዋለሽ። በፍቅር ተቀበዪው፣ ኦሪጅናሉን። ከዚህ በኋላ ሒሳብሽን ማን ይያዝ የሚለውን ይህ ካለፈ በኋላ ትወስኚያለሽ፣ ማንም ቢይዘው ግን ሳታነቢ አትፈርሚ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ደብዳቤው የመጣበት ፖስታ አለ? ወይ ስትቀበዪ የፈረምሽበት? ቀን የሚቆጠረው በብዙ ቦታ ከደረሰሽ ጀምሮ ነው፣ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ላይሆን ይችላል፣ በሁለቱ መካከል አራት አምስት ቀን ሊኖር ይችላል። ጥለሽው ከሆነ የቆሻሻውን ቅርጫት እዪ። ካገኘሽው ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር አያይዢውና ጠበቃው ጋ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።